የቦይለሩ እድር

እታለማሁ በስደት በምትኖርባት ዋይሊ ከተማ ባለው ቤቷ ጋራዥ ውስጥ የቆመው ቦይለር ማጉረምረም የጀመረው፣ ልጇ ፀደንያ የስምንት ወር እርጉዝ ሳለች ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደ ጎረቤት ውሻ ትለምደው ነበር። አሁን ግን ፀደንያ ሌዊስቪል ካለው አፓርታማዋ መጥታ አራስነቷን የምታሳልፈው እዚሁ ነው። አራስ ባለበት ቤት ሙቅ ውሃ ጠፋ የሚለውን ነገር እታለማሁ ለማሰብ እንኳ አልደፈረችም።

«እማ፣ ዋራንቲ ግዢ» አለቻት ፀደንያ በስልክ። «በየወሩ ትከፍያለሽ፤ ሲበላሽ መጥተው ፊክስ ያደርጉታል። ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም የሚባል ፕላን አለ። ጀስት አንዱን ፒክ አድርጊ።»

«በየወሩ ከፍለሽ፣ ችግር ሲደርስብሽ የሚደርሱልሽ?»

«የስ።»

«እድር ነው በይኛ!»

«ኦኬ እማ፣ እድር።»

ፀደንያ እንዲህ ያለችው ስልኩን ቶሎ ለመዝጋት ነበር። እታለማሁ ግን አመነቻት። እድር ደግሞ መተዳደሪያ ደንቡ ሳይታይ አይገባበትም። ስለዚህ ውሉን ላይብረሪ ሄዳ አሳተመችው፤ ሠላሳ አንድ ገጽ ሆነ።

እዚያው ላይብረሪ ውስጥ ነው፣ ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማንበብ መማር የጀመረችው። ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አስተማሪዋ «ውል ስታነቡ ‹ኖት› የምትለዋን የአሉታ ቃል በቢጫ ቀለም አቅልሙ» ብላቸዋለች። እታለማሁ የታዘዘችውን የምታደርግ ተማሪ ናት። ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እየጎተተች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀለመች። አራተኛው ገጽ ላይ ቀለሙ አለቀ። ወረቀቱ የእንቁላል አስኳል የፈሰሰበት መሰለ።

በስድስት ቀን ይህን ተረዳች። የብሩ ፕላን ቧንቧውን እስከ ቦይለሩ ድረስ ይሸፍናል፤ ቦይለሩን አይሸፍንም። የወርቁ ቦይለሩን ይሸፍናል፤ ተገቢ እንክብካቤ እስከተደረገለት ድረስ። ፕላቲነሙ የወርቁን ቃል በቃል ይደግምና የመዋኛ ገንዳ ይጨምርበታል። እሷ ገንዳ የላትም።

ወደ ወርቁ አዘነበለች። ግን ጥያቄ ነበራት። ፀደንያ መጥታ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ፣ ጆኒ ከሚባለው የኩባንያው ሻጭ ጋር ልትተረጉምላት ተቀመጠች።

«የእድሩ ዳኛ ማነው በይው።»

ፀደንያ ጠየቀች። «ሱፐርቫይዘሩ ሚቲንግ ላይ ነው ይላል።»

«ጎሽ፣ ስብሰባ አላቸው! መቼ ነው? እኔም ልምጣ።»

«እማ!»

«እሺ ተይው። ዋይሊ ውስጥ ቦይለር የሞተበት አባል ካለ አድራሻውን ይስጠኝ። ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ይዤ ልሂድለት። እኔ ካልሄድኩ ነገ ለኔ ማን ይመጣል?»

ፀደንያ ትልቅ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ተረጎመች።

«ግሬት ኩዌስቸን ነው ይላል። ሶ፣ ፕላቲነም ውሰጂ ይላል።»

«ተገቢ እንክብካቤ የሚለውስ ምን ማለት ነው?»

«ኖርማል ነገር ነው፣ አታስቢ ይላል።»

እታለማሁ ወርቁን ገዛች። ያን ለታ እንቅልፍ ጥሩ አድርጎ ወሰዳት።

ፀደንያ ልትወልድ አሥር ቀን ሲቀራት ውሃው ቀዘቀዘ። ኩባንያው በአምስተኛው ቀን ባለሙያ ላከ። ሰውየው ልብሱ የተተኮሰ፣ እጁ ያልቆሸሸ ነበር። ቦይለሩን ሳይነካ ፎቶ አነሳውና ውስጡ በየዓመቱ የታጠበበት ማስረጃ እንዳለ ጠየቀ።

እታለማሁ ቤቷን በቀን ሁለቴ የምታጸዳ ሴት ናት። ቦይለሩንም ከውጭ በጨርቅ ወልውላ እንዲያብረቀርቅ ታደርገዋለች። ውስጡ እንደሚታጠብ ግን የነገራት አልነበረም። «የለም» አለች በእውነት። ሰውየው «ተገቢ እንክብካቤ አልተደረገለትም» ብሎ መዘገበና ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት አጎራባች ከተማ ሳክሲ ወደሚኖረው ገመቹ ደወለች። ገመቹ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ አዳማ እያለ ግን ቧንቧ ሠሪ ነበር። በትክክለኛው፣ በአገር ልጆች እድራቸው ስብሰባ ከሷ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መጣ። ጎማ ሰክቶ ውሃውን ወደ ደጅ ሲለቀው፣ ነጭ ጠጠርና አሸዋ እየተንኮሻኮሸ ወረደ።

«እትዬ፣ ይሄ ቦይለር ነው ወይስ የድንጋይ ካባ?»

«አታሹፍብኝ ገመቹ፤ ልጄ ልትወልድ ነው።»

የተቃጠሉትን ሁለት ማሞቂያ ብረቶች ለወጠ። ማምሻውን ውሃው እጅ ይልጥ ጀመር።

«ስንት ዓመት ይቆይልኛል?»

«እኔ እንጃ እትዬ፣ አርጅቷል። በየዓመቱ እያጠብን እናየዋለን።»

«ጆኒ እኮ ምንም አታስቢ ብሎኛል።»

«ታዲያ ጆኒ የታል?»

ሕፃኗ በደህና ተወለደች፤ በዚያው ሙቅ ውሃ ታጠበች። እታለማሁ ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ ኩባንያው ቦይለሩ እንክብካቤ ማግኘቱን አላወቀም። አባል ከአባል አይደብቅም። ራሷ ደውላ፣ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ገመቹ እንዳጠበው ደስ ብሏት ነገረቻቸው።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። እታለማሁ ከአራሷ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ፣ ጣቷን እየጎተተች ጮክ ብላ አነበበችው። ፈቃድ በሌለው ሰው ስለታጠበ፣ ቦይለሩ ከሽፋን ወጥቷል ይላል።

«ዌት» አለች ፀደንያ ሕፃኗን ከጡቷ ሳታላቅቅ። «ስላልታጠበ አንሠራም ብለው፣ ስለታጠበ ደግሞ አስወጡት?»

«እንደሱ ነው።»

ፀደንያ ደብዳቤውን አየች፣ እናቷን አየች። «እማ… ሙሉውን ብቻሽን አነበብሽው እኮ።»

እታለማሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ፍለጋ ተነስታ ነበር። በእድራቸው ደንብ፣ ሐዘን ቤት ያልደረሰ አባል ይቀጣል፤ የማይታረም ከሆነ ይሰረዛል። አንድ ሰዓት ሙሉ እየሰረዘች እየደለዘች በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። «ቦይለሬ ሲሞት አልመጣችሁም። የመጣውን ሰው ደግሞ ነቀፋችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከአባልነት ሰርዤአችኋለሁ።» ከታች ስሟን በትልቁ ፈረመች።

ፀደንያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እማዬ፣ እነሱ እኮ አያነቡትም» አለቻት።

እታለማሁ ፖስታውን በምላሷ አርጥባ አሸገችው።

«እኔም ማንበብ አልችልም ነበር» አለች። «ይማራሉ።»