መቶ ጉድጓድና አንድ ሻርፕ

«ጉድጓድ ሲቆጥር ከርሞ ጉድጓድ ገባ» አለች ባለሱቋ በጆሮዬ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሷ ናት። ሳቄ መጥቶብኝ አፌን በመሀረብ ያዝኩ። ለቅሶ ቤት ነን እኮ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት!

የሟች ልጅ ፊት ለፊታችን ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷም መሥሪያዋም አንድ ክፍል ስለሆነ የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳ ገፍተው ወንበር ደርድረውበታል። አንገቷ ላይ ያባቷን ግራጫ ሻርፕ ጠምጥማለች። ግራ ክንዷን ከጎኗ ራቅ አድርጋ ይዛዋለች፣ የሚያቃጥል ነገር ብብቷ ስር ያለ ይመስል። ሰው ሲገባ ትነሳለች፣ ትሳማለች፣ ታለቅሳለች፣ ተመልሳ ትቀመጥና የግድግዳውን ሰዓት ታያለች።

ሰዓቱን ለምን እንደምታይ ያኔ አላወቅንም፤ ኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ። ከአሥር ቀን በፊት ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታክል ነገር እጇን ነካቻት። ደጋግማ ዳሰሰቻት፤ እባጯ እዚያው ናት። ቀጠሮ ያዘችና ወረቀቱን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ስር ደበቀችው። ቀጠሮው ዛሬ ነው፣ አራት ሰዓት ላይ። እናቷን የገደላት የጡት ካንሰር ነው፣ አባቷን ይኸው የአንገት። አልሄድም ብትል ደግሞ ማን ይፈርድባታል? ለቅሶ ላይ ናት። ፍርሃት እንዲህ ያለ ጥሩ ሰበብ ከየት ያገኛል!

ሦስት ሰዓት አለፈ።

አባቷ ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ነድቷል። መስመሩ በጎልፍ ሜዳው አጥር ስር ነበርና «ትልልቅ ሰዎች በዱላ እንቁላል ያባርራሉ» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ሚስቱ ስትሞት ሐኪሙ «መድኃኒቱን ገና እየተመራመሩበት ነው» አለው። «ምን አጥተው ነው የማያገኙት?» ቢለው «ገንዘብ» አለው። ሹፌሩ ይቺን ቃል ይዞ ቀረ። ጡረታ የወጣ ሰሞን ሜዳው ላይ ሣር የሚያጭደውን ሰውዬ «ዱላውን አስጨብጠኝ» አለው። መጀመሪያ የሚመታው ኳሱን ሳይሆን ሣሩን ነበር፤ አጫጁ «ሥራዬን ልትቀማኝ ነው» ይለው ነበር አሉ።

ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ ሰፈሩን እየዞረ አስታወቀ። በአንድ ቀን፣ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ፣ መቶ ጉድጓድ እጫወታለሁ፤ ኳሷ በገባች ቁጥር ለካንሰር ተመራማሪዎቹ የቻላችሁትን ቃል ግቡልኝ። ሜዳው ያለው ዘጠኝ ጉድጓድ ነው፣ አሥራ አንዴ ዞሮ አንድ መጨመር ነው። ኳሷ ጥልቅ ባለች ቁጥር ጉድጓዱ ላይ የተተከለውን ባንዲራ ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ!» ይላል። እኛ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን እንስቃለን። ጨረሰ፣ በእንብርክኩም ቢሆን።

ሰው ግን ወሬ አያጣም። «ለራሱ ነው የለመነው» ተባለ። አልዋሽም፣ እኔም «ጣሪያውን ሊያስቀይርበት ነው» ብያለሁ። ገንዘቡን ለተመራማሪዎቹ አስገብቶ ደረሰኙን ባለሱቋ በር ላይ ለጠፈው። ደረሰኙን ማን ያነባል? ወሬው ቀጠለ።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ መቶውን ሊጫወት ሲሰናዳ ነው ልጁን «ንፋስ መታኝ፣ ሻርፕ ስፊልኝ» ያላት። ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ሰፋችለት። ወር ሳይሞላው «ትንሽ ሰፋ አድርጊው» አላት። አሰፋችው። ደግሞ «ሰፋ አድርጊው» ሲላት «አባባ፣ አንሶላ ይሻልህ ይሆን?» ብላ ሳቀችበት። እሱም ሳቀ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሣር አጫጁ ገባ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው፤ የኔን ጆሮ ግን ማን ይዘጋዋል?

«ጋሼ፣ አባባ መቼ ነው ያወቀው?»

«ምኑን?»

«አንገቱ ላይ ያለውን። ይንገሩኝ፣ ለርስዎ ሳይነግር አይቀርም።»

ሽማግሌው ቆቡን አዟዟረ። «አልነገረኝም፣ አየሁት እንጂ። መቶውን የተጫወተ ቀን ላብ ሲያጠምቀው ሻርፑን ፈታው። እንቁላል ያህላል። ጥለን ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ዛሬ ብታመም ለራሱ ነው የለመነው ይሉኛል፣ ልጨርስ› አለኝ። ሲጨርስ ‹ገንዘቡን ላስገባ› አለ። ሲያስገባ ‹ወሬው ይብረድ› አለ።»

«እኔ ነኝ ሻርፑን ያሰፋሁለት» አለች። «በየወሩ እያሰፋሁ… መደበቂያውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

እሷ ቀኝ እጇን ወደ ግራ ጎኗ ሰደደች። የለበሰችው ቀሚስ በግራ በኩል ስፌቱ ተፈትቶ ሰፋ ተደርጎ እንደገና ተሰፍቷል፤ ባቄላዋን እንዳይነካ። ያኔ ነው እኔም ያየሁት። ጣቷ አዲሱ ስፌት ላይ ሲደርስ እሳት እንደነካው ሸሸ። ሰዓቱን አየች፣ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ብድግ አለች።

«ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ለጡቴ ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቤቱ ታመሰ። አጎቷ፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ በሩ ላይ ቆመ። «አባትሽ ከተቀበረ ገና ሦስት ቀኑ ነው፣ የኔ ልጅ። ሐኪም ቤቱ አይሸሽም፣ ሳምንት ትሄጃለሽ።»

«ውይ ውይ!» አለች ባለሱቋ። «እሷንም ያዛት ሊሉ እኮ ነው! ያባቷ አፈር ሳይደርቅ ልጅት ወጥታ ስትዞር… ሰው ምን ይላል?»

ልጅቷ ቆማ ቀረች። አየኋት፣ ልትቀመጥ ነው። እጇ ወንበሩን እየፈለገ ነው። እኔም አፌን ልከፍት ነበር፣ ምን ልል እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ሣር አጫጁ ተነሳና ቆቡን ራሱ ላይ ደፋ።

«‹ሰው ምን ይላል› የገደለውን ቀብረን ከመጣን ገና ሦስት ቀናችን ነው! ሁለተኛ ሬሳ የሚሸከም ትከሻ ያለው ይናገር!»

ባለሱቋም እኔም አንገታችንን ደፋን። አጎትዬው ከበሩ ገለል አለ።

ልጅቷ ሻርፑን ከአንገቷ ላይ ዙር በዙር ፈታችው። አያልቅም፣ ርዝመቱ ስፋቱ! አጣጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና የቀጠሮ ወረቀቷን ልታወጣ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ሳበች፤ አዝራሮቹ ተንኮሻኮሹ።