የጓደኛዬ ፊልም

ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ዳይሬክተሩን «ቆንጆ ነው» ብሎታል። እህቱ «ቆንጆ ነው» አለች፤ ሳሎኗን ለሆቴልነት፣ ባሏን ለፖሊስነት አበድራዋለችና ሌላ ምን ትበል? ድምፅ የቀረፀለት ባልደረባውም «ቆንጆ ነው» አለ፤ ማይክሮፎኑን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስሮ ክንዱ እስኪዝል የያዘ ሰው የራሱን ልፋት አያጣጥልም። ዳይሬክተሩ ግን ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ይጨንቀዋል። አንድ የሲኒማ ቤት ባለቤት ለቅዳሜ አዳራሹን ሊሰጠው ተስማምቷል፤ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ። ተመልካቹ ጥሎት ከወጣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ፊልሙ አንድ ቦታ ላይ እንዳመመው ይታወቀዋል፤ የቱ ጋ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ግን ጠፋ።

ስለዚህ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ የአክስቱ ልብስ ስፌት ቤት ገባና ዋሸ።

«የአንድ ጓደኛዬ ፊልም ነው። እስኪ እዩለት፣ አስተያየት ፈልጎ ነው።»

«የቱ ጓደኛህ?» አለች አክስቱ፣ እግሯን ከስፌት መኪናው ሳታነሳ።

«አታውቂውም።»

«እንግዲያው ክፈተው። ከማላውቀው ሰው ጋር ጠብ የለኝም።»

እዚያው ልብስ የሚተኩሰው ሰው ካውያውን አቁሞ ተጠጋ። ስለ ኳስም ስለ ሰው ትዳርም ስለሚፈርድ ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። የሥራ ቀሚሷን ልታስጠብብ የመጣች ነርስም ወንበሯን ሳብ አደረገች።

ታሪኩ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ የኖረ ሰው ታሪክ ነው። ወንድምየው ዛሬ ይመጣል ተብሎ ሰውየው በር ላይ ይጠብቃል። ካሜራው ግን እሱን ትቶ ባዶውን ደረጃ ያሳያል። ያሳያል። አሁንም ያሳያል።

«ቆመ እንዴ?» አለች ነርሷ።

«አልቆመም፣» አለ ዳይሬክተሩ።

«ቆሟል እንጂ! እስኪ ነካ አድርገው።»

«ደረጃውን ሊሸጠው ነው መሰለኝ፣» አለ ዳኛው። «እኔ እንደሆነ አልገዛውም።»

አክስቱ ከት ብላ ሳቀች። «ጓደኛህ ብልጥ ነው! ተዋናይ ቢቀጥር ምሳ ይጠይቀዋል፤ ደረጃ ምን ይበላል?»

መጀመሪያ ደስ አለው። ይኸው፣ ሲመኘው የከረመው ሐሜት! ቆይቶ ግን ጆሮው መጋል ጀመረ።

«ስንፍና ነው፣» ብሎ ፈረደ ዳኛው። «ካሜራውን ተክሎ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።»

«ስንፍና አይደለም!» ዳይሬክተሩ ብድግ አለ። «ብቸኝነት ነው! ያን ብርሃን ለማግኘት በየማለዳው ስንመላለስ የከረምነው ለሻይ ነው?»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። የስፌት መኪናው ዝም አለ።

«ስንመላለስ?» አለች አክስቱ። «ያንተ ነው?»

አንገቱን ደፋ።

«ውይ በሞትኩት!» ነርሷ አፏን ያዘች። «እኔ እኮ… ሲያዩት ሲያዩት ደስ ይላል።»

«ንጹሕ ደረጃ ነው፣» አለ ዳኛው ወደ ካውያው እያፈገፈገ። «ሰፊ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ደረጃ የት ይገኛል?»

«ቆንጆ ነው፣ የኔ ልጅ፣» አለች አክስቱ።

ደግሞ ይቺ ቃል! ሊያለቅስ ሲል ሳቁ ቀደመው። «እባካችሁ፣ ቅድም ያላችሁትን ድገሙልኝ።»

«ሰው በፊቱ ይታማል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«አክስቴ፣ ቅዳሜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከኋላዬ ከሚያማኝ፣ ዛሬ እናንተ በፊቴ እሙኝ።»

አክስቱ ዳኛውን አየችው። ዳኛው ጣሪያውን አየ።

«ቅር አይልህም?»

«ይለኛል።»

«እሺ እንግዲህ። ደረጃው ገደለኝ።»

ወጋው። ከፊልሙ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንን ደረጃ ነው። ቢሆንም እዚያው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ብጥስጣሽ ጨርቁን ገፋ አድርጎ ደረጃውን ከፊልሙ ቆርጦ አወጣውና እንደገና ከፈተላቸው። ፊልሙ አሁን በፋሻ ተጠቅልሎ በር በሚከፍት እጅ ጀመረ።

ሦስቱም ወደ ስክሪኑ አዘነበሉ። የእህቱ ባል በፖሊስ ልብስ ብቅ ሲል እንኳ አክስቱ አልሳቀችም። ወንድምየው ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ነርሷ «እንዳታስገባው!» ብላ ጮኸች። ዳይሬክተሩ ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ትቶ የሦስቱን ፊት ሲያይ ቆየ።

ሲያልቅ እፎይ አለ። «አሁን ተስተካከለ።»

«ማን አለህ?» አለች አክስቱ። «ሙዚቃው ምነው ሰው ሲያወራ ብቻ የሚጮኸው? ተጣልተው ነው?»

«ደግሞ ሲታረቁ!» ዳኛው ተነሳ። «ያን ሁሉ ዘመን ተኳርፈው በአንድ እቅፍ? ትንሽ እንኳ ሳይወቃቀሱ? በነፃ ነው የለቀቅካቸው!»

«ፋሻውንስ ማን ነው የጠቀለለው?» አለች ነርሷ። «እጁ ቆስሎ ነው ወይስ ሻሽ አስሮ?»

ሦስቱም ባንድ አፍ ተንጫጩ፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞረው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። ዳይሬክተሩ ወንበር ሳበና ከመካከላቸው ተቀመጠ።

«ተራ በተራ፣» አለ። «መጀመሪያ ሙዚቃው።»