ገጽ የሌላት ሸረሪት

የሰፈሩ ሰው «ሸረሪቴ» ይለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሙዚየም ምድር ቤት ተቀምጦ የሸረሪት ዓይን ሲቆጥር የኖረ፣ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በብዛት የሚታዩትን ሸረሪቶች አንድ በአንድ ለይቶ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? በቤቱ ሸረሪት መግደል ክልክል ነው። ሚስቱ መጥረጊያ ካነሳች «ተያት እባክሽ፣ ምን አደረገችሽ?» ይላታል። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ደግሞ የለየላት የአባቷ ልጅ ናት፤ ሸረሪቶቹን የምትጠራቸው በመጽሐፉ ገጽ ነው። «አባዬ፣ መታጠቢያ ቤት ገጽ አሥራ ሁለት ገብታለች» ትለውና በእጇ አፍሳ ውጭ ታደርሳታለች። መጽሐፉም መግቢያው ላይ «የሰሜኑ ሸረሪቶች ሰውን አይጎዱም፤ ልጆች በእጃቸው ቢይዟቸው ችግር የለውም» ይላል። በዚህች ዓረፍተ ነገር ይኮራባት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ከፍራፍሬ ሳጥን ሥር አንዷን ስታነሳ ተነከሰች። እናትየው ሸረሪቷን በጫማዋ ጨፈለቀቻት። ሰዓት ሳይሞላ የልጅቷ ሆድ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ ላብ አጠመቃት። እናትየው ተሸክማት ወደ ክሊኒክ ሮጠች፤ የተጨፈለቀችውንም በክብሪት ቀፎ አድርጋ በባለታክሲ ለባሏ ሙዚየም ላከችለት።

«የነከሳት መርዘኛ ከሆነች ማርከሻ አለው» አለችው ሐኪሟ በስልክ። ለክሊኒኩ አዲስ ናት። «ግን ልጅዎ አስም አለባት፤ ያለ ምክንያት ከሰጠኋት ማርከሻው ራሱ ሊገድላት ይችላል። የትኛዋ እንደሆነች በእርግጠኝነት ይንገሩኝ።»

ቀፎውን ማጉያው ሥር ከፈተ። ሆዷ ፈርጦ ጠፍቷል፤ የቀሩት እግሮቿ ናቸው። ገጽ አሥራ ሰባት በሆነች ብሎ ተመኘ፤ ቡናማዋ፣ ምንም የማታደርገው። ጥቁሩን እግር ቡናማ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ። ከሸረሪቷ እግር ሥር ግን የጥፍር ቁራጭ የምታህል የሆዷ ቆዳ ተጣብቃ አገኘ። ላይዋ ላይ ቀይ ምልክት አለ።

ይቺን ምልክት ያውቃታል።

አምና ከፍራፍሬ መጋዘን አንዲት ሠራተኛ እንዲህ ያለች ሸረሪት በብልቃጥ ይዛለት መጥታ ነበር። «ጋሼ፣ ይቺ ነክሳኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። ሳጥኑ ሥር ብዙ አሉ» ብላው ነበር። እሱ «በሳጥን የመጣች እንግዳ ናት፣ እዚህ አትኖርም» ብሎ ሸኛት። ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ማን ይሰርዛት?

መሳቢያውን ሳበ። ብልቃጡ እዚያው ነው፤ በራሱ እጅ ጽሑፍ «የእኛ አይደለችም» የሚል ተለጥፎበታል። እግርን ከእግር፣ ቀይን ከቀይ አስተያየ። አንድ ናቸው።

ደወለ። «ናት። መርዘኛዋ ናት። ማርከሻውን ስጧት።»

«መጽሐፍዎ እኮ የሰሜኑ ሸረሪቶች ሰውን አይጎዱም ይላል።»

«መጽሐፉ ተሳስቷል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ልጄን አድኑልኝ።»

ሐኪሟ ስልኩን ሳትዘጋ መድኃኒት ቤቱን ልትጠይቅ ሄደች። ስትመለስ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ የለንም። ከዋናው ሆስፒታል አሁኑኑ እናስመጣለን፤ አራት ሰዓት ይፈጃል።»

«እንዴት አይኖራችሁም?»

«አምና ሊገዛ ታስቦ ነበር አሉ። ጤና ቢሮው መጽሐፍዎን አይቶ አያስፈልግም ብሎ ሰረዘው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የታተመማ የት ይያዛል? ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፣ ኮቱን ሳይለብስ ወደ ደረጃው ሮጠ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ሚስቱ ከሐኪሟ ስልኩን ተቀብላ እያለቀሰች «እሷን አናግራት፣ አንተን ነው የምትጠራው» አለችው።

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ገጽ ስንት ናት?»