አሰልጣኝ ታኬት ሊጉን የተቀላቀለበት ዓመት

ሮሊን ታኬት ነብራስካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሲያሰለጥን ምክትሉ ነበርኩ። እየዞረ ተጫዋቾቹን ከየቤታቸው፣ ከእናቶቻቸው እጅ ነበር የሚቀበላቸው። እሱ ሲገባ ሁሉም ብድግ ይሉለታል። የፕሮፌሽናል ሊጉ ሲጠራው ብዙዎች «እዚያ አይሆንለትም» አሉ። እኔ ግን ተከተልኩት።

በመጀመሪያው ሳምንት ታቫሪስ ቦይኪን የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ተከላካይ ስብሰባ ላይ አርፍዶ ገባ። ታኬት እንደ ልማዱ «ውጣና ሜዳውን አሥር ጊዜ ዙር!» አለው።

ቦይኪን ሳቀ። «ኮች፣ እኔ እኮ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ከፈለጉ ለእናቴ ደውለው ይክሰሱኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ከየጨዋታው በፊት «ልጆቼ ናችሁ» እያለ ሲናገር፣ ተጫዋቾቹ አቀርቅረው የራስ ቁራቸውን ማሰሪያ ይነካካሉ።

በስድስተኛው ሳምንት ክለቡ ኤመሪ ሉንድ እንዲሰናበት ወሰነ። ኤመሪን ከኮሌጅ ጀምሮ ያሳደገው ታኬት ነው፤ ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ ግን እንደ ድሮው አይሮጥም። እንዲህ ያለውን መርዶ የሚናገር ሌላ ሠራተኛ ነበር። ታኬት «ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እነግረዋለሁ» አለ።

ኤመሪ ቢሮው ሲገባ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ልጄ…» ብሎ ጀመረ ታኬት።

«ተዉት ኮች» አለ ኤመሪ። «ልጅ ከቤት አይባረርም። ከሥራ ወጥተሃል ይበሉኝ፣ እሱን እችለዋለሁ።»

ታኬት ቀና ብሎ አየው። «ፍጥነትህ አልተመለሰም። የተሻለ ሰው አግኝተናል። ከሥራ ወጥተሃል።»

ኤመሪ ጨብጦት ወጣ። ታኬት በሩን ዘግቶ አለቀሰ። አብሬው በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ቡድኑን ሰበሰበ። «ኤመሪን ያሰናበትኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ልጆቼ አልላችሁም። እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ንገሩኝ።»

ከዚያ ቦይኪን ተነስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ። «እንግዲያው ኮች፣ ይሄ አሰላለፍ ለእኔ እግር አይሆንም። አርጅቻለሁ።»

«የት ላቁምህ ታዲያ? አሳየኝ» አለው ታኬት።

ከቀሩት አሥራ ሁለት ጨዋታዎች ስምንቱን አሸነፍን። ክለቡ ውሉን አራዘመለት፤ አይሆንለትም ያሉት ሁሉ አፋቸውን ያዙ። እኔ ወደ ነብራስካ ተመለስኩ።

ኤመሪ አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያሰለጥናል። ባለፈው «ታኬትን አግኝተኸው ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሁለት ጊዜ ደወልኩለት» አለኝ። «ስልኩን አላነሳልኝም።»