በእጅ አይነካ

ልጆቼ፣ እኔ የበር ጠባቂ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ግን ሁለት ጥርሴን ያጣሁት በኮምፒውተር ነገር ስለሆነ፣ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ።

ፋብሪካችን ከቆርቆሮ ድስት ያወጣል። አሥራ ሁለት መጭመቂያ ማሽኖች አሉት። ማሽኖቹን የሚያዝዘውን ኮድ የምታዘጋጀው የእህቴ ልጅ ናት። ታዲያ አሥራ ሁለቱንም ቁጭ ብላ አትጽፍም።

«አጎቴ፣ የብሎኬት ፎርማ ታውቅ የለ?» አለችኝ አንዴ። «ዳታቤዙ ውስጥ ለየማሽኑ አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ ፍጥነቱ፣ ክብደቱ እዚያ ነው። ሲሚንቶው እሱ ነው በለው። እኔ የምጽፈው ፎርማውን፣ ቴምፕሌቱን ብቻ ነው። አንዴ ስጫን አሥራ ሁለት ፋይል ዱብ ዱብ ይላል።»

«ፎርማው ከተጣመመስ?»

«አሥራ ሁለቱም ይጣመማላ!» ብላ ሳቀች።

በየፋይሉ አናት ላይ «በማሽን የተጻፈ፤ በእጅ አይነካ» የሚል ቃል አለ። የመካኒኮቹ አለቃ፣ ጉልቤ የምንለው፣ ያን ቃል አይወደውም። መዳፉ አካፋ ያህላል። «እጄ ደግሞ ምን አደረጋት?» ይል ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከሰባተኛው ማሽን የተነሣ ጩኸት እበሩ ድረስ ደረሰኝ። ሮጬ ብደርስ የጉልቤ ታናሽ ወንድም ተዘርሯል። ግራ እጁ፣ ተዉት ልጆቼ፣ እጅ አይመስልም። ሦስት ጣቶቹ ድስት ሊሆን ከነበረው ቆርቆሮ ጋር ተጣብቀው ቀርተዋል። ግራ እጁን ከሥር አስገብቶ ቆርቆሮውን ሲያቃና፣ ከግራና ከቀኝ ካሉት ሁለት አዝራሮች የቀኙን በክርኑ ነክቶት ነው። በመኪና ጭነው ወሰዱት።

ጉልቤ አልተከተለም። ትልቁን መፍቻ አንሥቶ ደረጃውን ወጣ።

«ወዴት ነው? አንተ!»

«ዞር በል ጋሼ!»

የእህቴ ልጅ ቢሮ በር ላይ ወገቡን ጨምድጄ ያዝኩት። በክርኑ አፌን ሲለኝ ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ተንከባለሉ። በመጀመሪያው ምት ስክሪኑን አደቀቀው፤ ስባሪው ጉንጯን ሰነጠቀው። ሁለተኛው ቀኝ ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቷ ሲሰበር ከታች ከሚጮኸው ማሽን በላይ ሰማሁት። ፀጉሯን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት።

«ያን መስመር ለምን አጠፋሽው?»

«የ… የቱን መስመር?»

«ሁለቱም አዝራር ካልተጫነ አትውረድ የሚለውን! በገዛ እጄ የጻፍኩትን!»

«የት ነው የጻፍከው?»

«ሰባተኛው ፋይል ውስጥ ነዋ!»

ከአፏ ደም ተፋች። «ዛሬ ጠዋት ሠንጠረዦቹ ላይ የዘይት ዓምድ ጨምሬ ፋይሎቹን እንደ አዲስ አወጣኋቸው። አዲሱ አሮጌውን ይደመስሰዋል። በእጅ አይነካ ያልኩት ለዚህ እኮ ነው! ፎርማው ላይ የግራውን አዝራር የረሳሁት እኔ ነኝ፤ እሺ። አንተ ካየህ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺን ልለማመጥ? ለወንድሜ አስተካከልኩለት፤ በቃ!»

«ለወንድምህ ብቻ? አሥራ አንዱስ?»

መፍቻው አየር ላይ ቀረ። ከታች ዷ፣ ዷ፣ ዷ ይላል። ሌሎቹን ማሽኖች ማንም አላቆማቸውም ነበር።

«አጥፋው!» ብዬ ጮኽኩ ደም እየረጨሁ። መፍቻውን ጥሎ ደረጃውን አራት አራቱን ወረደ። የማሽኖቹን ዋና ማጥፊያ ሲጎትት፣ አራተኛው ማሽን ላይ የምትሠራው ሴትዮ ክንዷ እስከ ክርኗ ከሥር ነበር። ቀና ብላ፣ «ምነው፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አለች።

የእህቴ ልጅ ሐኪም ቤት አልሄድም አለች። «አሁን ብወጣ የፈረቃው አለቃ መልሶ ያበራዋል።» ጉልቤ ተመልሶ በሩ ላይ ተገትሯል። ሸሚዙ የወንድሙም የሷም ደም ነው። ላፕቶፗን በግራ እጇ ገፋችለት።

«ጻፍ።»

«እኔ?»

«እጄን ሰብረኸዋል። ጻፍ! ፋይሉ ላይ አይደለም፣ ፎርማው ላይ።»

እሷ ፊደል በፊደል እየነገረችው በአንድ ጣቱ ለቀመው። ከመስመሩ በላይ ማስታወሻ ጨመረ፤ «ሁለቱም አዝራር ካልተጫነ አትወረድ»። ተጫን አለችው። አሥራ ሁለት ፋይል ወጣ። ሰባተኛውን ከፍቶ መስመሩን ሲያይ፣ ያ ግዙፍ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት፣ «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። በሩን ከፈትኩላቸው እንጂ ይቅር አላልኩትም። አፌ አብጦ ይሁን ልቤ፣ እስካሁን አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ክንዷ ድኗል፤ ትንሽ ተጣሟል እንጂ። ባለፈው የጉልቤን ማስታወሻ አንብቤ፣ «ልጄ፣ አትወረድ ሳይሆን አትውረድ ነው» አልኳት።

«አሥራ ሁለቱም ላይ እንደዚያ ነው» አለች።

«ታዲያ ፎርማውን አታርሚውም?»

የተጣመመውን ክንዷን እያሻሸች ስክሪኑን አየች።

«እሱ የጻፈውን ዳግመኛ ላጥፋ ብል እጄ እሺ አላለኝም፣ አጎቴ።»