«አልፈልገውም» የተባለ ዕለት

«አልፈልገውም ነው የሚሉት» አለች ራሔል የታማሚዋን ፈረንሳይኛ እየተረጎመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከሆስፒታሉ አልጋ ግርጌ የቆሙት የታሰረው ልጅ እናት፣ ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ሳጅን ጌታሁን ከእናትየው ዐይን ሸሽቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ተጎጂዋ ካልማሩት ልጁ ነገ ፍርድ ቤት መቅረቡ እንደማይቀር ተናግሮ ወጣ። ወይዘሮ ማናልሞሽም ተከተሉት።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት ነው። ማዳም ሶላንዥ የጫካ ቡና ሊያጠኑ ሸኮ ሰንብተው ወደ ሚዛን የተመለሱ ፈረንሳዊት አዛውንት ናቸው። የወይዘሮ ማናልሞሽ ልጅ ሕዝቅያስ በባጃጁ አሳፍሯቸው ወደ ገበያ ሲወርድ፣ ዝናብ ያራሰው ቁልቁለት ላይ ባጃጁ ተንሸራቶ ተገለበጠ። የሴትዮዋ እግር ተሰበረ። ሕዝቅያስ የራሱ ግንባር እየደማ እሳቸውን አዝሎ ሆስፒታል አደረሰ፤ ፖሊስም ከዚያው ወሰደው። ፈረንሳይኛ የሚሞክር ሰው ሲፈለግ የተገኘችው የሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ ራሔል ብቻ ነበረች።

ቋንቋውን ያስተማሯት የልጅነት ጎረቤቷ፣ ጨርቅ ነጋዴው አቶ አሕመዲን ናቸው። በወጣትነታቸው አለቆቹ ፈረንሳዮች በነበሩበት የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሠርተዋል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከጣቃዎቹ መሀል አስቀምጠው፣ እንደ ጨዋታ እያደረጉ ብዙ አስጨብጠዋታል። አሁን እርጅና ሲጫናቸው ቴፒ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል።

ራሔል ልትወጣ ስትል ማዳም ሶላንዥ እጇን ያዙ። ልጁ የት እንዳለ፣ ግንባሩ ታክሞለት እንደሆነ ጠየቋት። ራሔል ባለችበት ቀረች። የማይፈልጉት ሰው ቁስል ምን ያስጨንቃቸዋል? ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ቴፒ ደወለች።

አቶ አሕመዲን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ሴትዮዋ ያሉትን ቃል በቃል እንድትነግራቸው ጠየቋት።

«‹ዠ ነ ሉዊ አን ቨ ፓ› ነው ያሉት። ‹ቨ› መፈለግ አይደል፣ ጋሼ?»

«‹አን›ን የት ጣልሻት?»

«ትንሽ ናት ብዬ ተውኳት።»

«ነገሩን የምትገለብጠው እሷ ናት፣ ልጄ። የ‹ቨ› እናት ‹ቩልዋር› ብቻውን ሲሆን መፈለግ ነው። ‹ዲር› ሲከተለው ‹ማለት› ይሆናል። ‹ቢያን› ከታከለበት እሺታ ነው። ‹አን› ስትገባበት ግን ቂም ነው። ሴትዮዋ ያሉሽ ‹አልተቀየምኩትም› ነው።»

«ጉድ ሠራሁ» አለች ራሔል። እሳቸው ደግሞ እንዳይከፋት የራሳቸውን አወጓት። አንድ ጊዜ ጣቢያው ላይ የመስተዋት ሣጥን ከእጃቸው አምልጦ ደቀቀ። አለቃቸው ይህችኑ ቃል ሲናገራቸው ተባረርኩ ብለው ቤታቸው ገቡ። ሲቆዝሙ ሰንብተው ሳለ፣ አለቃቸው ታመመ ወይ ብሎ ሰው ላከባቸው።

«እኔ እንኳ ያጣሁ የመሰለኝ ሥራ ነው» አሏት። «ያንቺው የሰው ልጅ ነው። ቶሎ በይ።»

ሮጣ ወረደች። ሳጅኑ ሞተር ብስክሌቱን ሊያስነሳ ነው። ወይዘሮ ማናልሞሽ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ሐሳባቸውን ቀየሩ ብትል የሚያውቅባት አልነበረም፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። የእናትየውን ፊት ስታይ ግን አልሆነላትም።

«ሳጅን፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሳቸው አልተቀየምኩትም ነው ያሉት። ከመጀመሪያውም።»

ሦስቱም ተመልሰው ገቡ። ራሔል አሁን ያልገባትን ሁሉ ሁለቴ እየጠየቀች አስተረጎመች። ማዳም ሶላንዥ ልጁ ትቷቸው መሸሽ ይችል እንደነበር፣ እሱ ግን ደሙን እንኳ ሳይጠርግ እንዳዘላቸው፣ መንገዱን ሙሉም የማይገባቸውን ቃል ደጋግሞ ይላቸው እንደነበር ተናገሩ።

«ምን የምትል ቃል?» አለ ሳጅኑ።

«‹አይዞዎት› የምትል» አለች ራሔል ከማዳም ሶላንዥ አፍ ተቀብላ።

ሳጅኑም ሕጉ መንገዱን ይሄዳል፤ ልጁ ግን ዛሬውኑ በዋስ ይወጣል አለ። ወይዘሮ ማናልሞሽ የታማሚዋን እጅ ይዘው ደጋግመው ሳሙ። እስኪያገግሙ ድረስ ምግባቸው ከእኔ ቤት ነው ብለው ራሔልን እንድትነግርላቸው አዘዟት።

ደረጃው ላይ ራሔል ወይዘሮ ማናልሞሽን ይቅርታ ልትጠይቅ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አቆሟት።

«እኔም አልተቀየምኩሽም። ዝም ብትዪ ኖሮ ማን ያውቅብሽ ነበር? እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።» ይህን ብለው ልጃቸውን ሊቀበሉ ከሳጅኑ ኋላ ተፈናጥጠው ሄዱ።

ራሔል መልሳ ቴፒ ደወለች። ልጁ ሊፈታ ነው ስትላቸው አቶ አሕመዲን «አልሐምዱሊላህ» አሉና፣ ስልኩን ላለመዝጋት ይመስል ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወሩ ጀመር። ቴፒ ፈረንሳይኛ የሚያጫውታቸው ሰው እንደሌለ በወሬያቸው መሀል አለፍ አደረጉት። ራሔል ወደዚያ ከሄዱ ወዲህ አንዴም እንዳልጠየቀቻቸው ታወሳት።

«በይ እንግዲህ፣ ሒሳብ እንዳልበላብሽ» አሉ በመጨረሻ።

ልታመሰግናቸው አስባ ነበር፤ በስልክ ተናግራው የሚያልቅ ግን አልመሰላትም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለቻቸውና፣ የቅዳሜው የቴፒ አውቶቡስ ቲኬት ሳያልቅባት ወደ መናኸሪያው አቀናች።