የመዝገቡ ባለቤት

አገር አቀፉን የኤሌክትሮኒክ ጤና መዝገብ ስትራቴጂ የምታረቅቀው ባለሙያ በአንዲት አንቀጽ ምክንያት ከኮሚቴው ሰብሳቢ ሐኪም ጋር ዓይንና ናጫ ሆናለች። አንቀጿ አጭር ናት፦ የታካሚ መዝገብ በኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር፣ ማን እንደከፈተው ለባለቤቱ በስልኩ መልእክት ይድረሰው። ሰብሳቢው ይህ ሐኪምን እንደ ሌባ መጠበቅ ነው ብለው ሊሰርዟት ቆርጠዋል። ውሳኔው ለሐሙስ ተቀጠረ።

ረቡዕ ታላቅ እህቷ ቢሮዋ ድረስ መጣች። ደረጃው አድክሟት ስለነበር መጀመሪያ የረገመችው ጉልበቷን ነው። ቀጥላ ልጇን ሊያገባ ያለውን ወጣት አነሳች። ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፤ ብቻ አምና ሆስፒታል ተኝቶ ነበር አሉ፤ በምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ቀላል ነገር ነው» ብሎ ያልፋል። ሆስፒታሉ ደግሞ አዲሱ አሠራር ከሚሞከርባቸው አንዱ ነው፤ የባለሙያዋ የይለፍ ቃል እዚያ ያለውን ሁሉ ይከፍታል።

«አንዴ ገልመጥ ብታደርጊው ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም፣ እትዬ። ችግሩም እሱ ነው።»

«ለአገር ታቅጃለሽ፤ ለእህትሽ ልጅ አንድ ቁልፍ መጫን ከበደሽ። የወለድሽ ብትሆኚ ይገባሽ ነበር።»

ታናሺቱ ግን፣ ልጅቷ ራሷ ትጠይቀው አለች። እህቷ ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበት ወጣች።

ባለሙያዋ የወጣቱን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ጥቂት ተመለከተችው። ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

ሐሙስ ሰብሳቢው ለመሆኑ ያለ ሥራው የሰው መዝገብ የሚከፍት ማን ነው ብለው ጠየቁ።

«እኔ ልከፍት ነበር» አለች። «ትናንት፣ ለዘመድ ብዬ። ስሙን ከጻፍኩ በኋላ ነው የተመለስኩት።»

የነርሶች ኃላፊዋ አማቷ የጎረቤቶቻቸውን በሽታ እንድታጣራላቸው ሲነዘንዟት ዓመት እንዳለፈ ተናገረች፤ አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም የራሱን ጨመረ። ሰብሳቢው ብቻ መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። በመጨረሻ አንቀጿ ትኑር አሉ፤ እንዲያውም በሚሞከርባቸው ሆስፒታሎች ባለቤቱ ከመጪው ወር ጀምሮ መዝገቡን በስልኩ ራሱ እንዲያይ ይጨመርባት። ባለሙያዋ ከዚህ የተሻለ አልጠበቀችም ነበር።

እሑድ ለእርቅ ብላ ለእህቷ ደወለችና ነገሩን አስረዳቻት። እህቷ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«ራሱ በስልኩ ያየዋል ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ወሩ ይግባና ለምሳ እጠራዋለሁ። ከፍቶ ያሳየን! የሚደብቀው ከሌለ ምን ያስፈራዋል?»

ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም። አመስግናት ዘጋች።

ሰኞ ባለሙያዋ ከሁሉ ቀድማ ቢሮ ገባች። ከአንቀጿ ሥር፣ ማንም ሰው መዝገቡን ለሌላ እንዲያሳይ አይገደድም ብላ ጻፈች። «ለአማትም ቢሆን» የሚል ጨመረችበት፤ መልሳ አጠፋችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለእህቷ ልጅ ደወለች። እናትሽ ለምሳ ሳትጠራው አንቺው ጠይቂው፣ የሚነግርሽንም ለእኔ አትንገሪኝ አለቻት።